ባሕር በሌለበት ዋናተኛ መሆን

አባቴን የምጠራው «ታማ» ብዬ ነው። በአገሩ በሳሞአ ቋንቋ አባት ማለት ነው። አማርኛ ሰሚ ግን ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። ልጅ ሆኜ መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን ደጃፍ ቆሜ «ታማ! ታማ!» እያልኩ ስጮህ አማርኛ የሚያውቁት ጎረቤቶቻችን «ደግሞ ማን አማው?» እያሉ ይስቁ ነበር። እሱ ቀልዱ የገባው ብዙ ቆይቶ ነው። ከገባው በኋላ ግን ላገኘው ሰው ሁሉ «እኔ ታማ ነኝ፤ ግን ምንም አላደረግኩም» እያለ ራሱን ያስተዋውቅ ጀመር።

ኢትዮጵያ የመጣው ጉድጓድ እየቆፈረ ውሃ ከሚያወጣ ድርጅት ጋር ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ ተቀምጦ አማርኛ ለመደ። ከዚያ ለሥራ ወደ መቀሌ ተላከና አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ የነበረችውን እናቴን አገኘ። ሁለቱ የሚግባቡት በአማርኛ ብቻ ስለነበር የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ሆኖ ቀረ፤ ትግርኛው ለደጅና ለዘመድ ነበር። አባቴ አማርኛን እንደ ውሃ ይናገረዋል፤ ወንድና ሴት ግን አይለይም። ለእናቴም፣ ለእኔም፣ ለፖሊሱም፣ ለቄሱም «አንተ» ነው።

ዓባየይ፣ የእናቴ እናት፣ ከመቀሌ ወጣ ብላ ባለችው ቁሓ ነበር የምትኖረው። ልጇ በር የሚሞላ ባዕድ ሰው ልታገባ መሆኑን ስትሰማ ብዙ ቀን አኩርፋ ነበር አሉ። ሰውየው ለትውውቅ የመጣ ቀን እጁን ሊታጠብ እጅጌውን ሲሰበስብ፣ ከትከሻው እስከ ክርኑ የወረደ ንቅሳት አየችበት። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ አንገቷ ላይ የተነቀሰችው አላት። ክንዱን ይዛ እያገላበጠች አየችውና፣ «የተነቀሰ ሰው እናት አለው» አለች። ኩርፊያዋም በዚሁ አለቀ።

ሰው ዋናተኛ የሆንኩት በአባቴ ደም ይመስለዋል። «የደሴት ልጅ ናት፣ ታዲያ ምን ይገርማል?» ይላሉ። አባቴ ግን ጭራሽ ወደ ውሃ እንድጠጋ አይፈልግም ነበር። ዋና ያስጀመረችኝ፣ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ውሃ ውስጥ ገብታ የማታውቀው እናቴ ናት።

የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ክረምት ላይ በትምህርት ቤታችን የምትማር ልጅ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ግድብ ውስጥ ሰምጣ ሞተች። እናቴ ከለቅሶ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ አባቴ ፊት ቆመች።

«ይቺ ልጅ ዋና መማር አለባት።»

«አይሆንም» አለ አባቴ።

«አንተ ከባሕር መሐል የመጣህ ሰው፣ እንዴት አይሆንም ትላለህ?»

«ውሃ የሚበላው ዋና የሚያውቁትን ነው» አለና ተነሥቶ ወጣ። በዚያ ጉዳይ ላይ ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገረም። እናቴ ደግሞ አይሆንም ሲሏት የምትተው ሴት አይደለችም።

በዚያ ጊዜ አንድ የሐዋሳ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስፖርት ያስተምር ነበር። ሐይቅ ዳር ያደገ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነው። የመቀሌ ልጅ አግብቶ ከተማውን ከተማው አድርጓል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሆቴል ገንዳውን እየፈቀደለት ልጆች ያስተምራል። እናቴ ወስዳ ሰጠችው። አባቴ ስለ ቅዳሜው ሲጠይቅ «የሒሳብ ማጠናከሪያ» ትለዋለች። አንድ ቀን ሹሩባዬን ዳሰስ አድርጎ፣ «ሒሳብ ጸጉር ያረጥባል እንዴ?» ሲል እናቴ ፊቷን ሳትለውጥ «አስቸጋሪ ሒሳብ ነው፤ ያልባል» አለችው።

መምህሩ መጀመሪያ ያስተማረኝ ውሃ ላይ በፊት ተደፍቶ መተኛት ነበር። «አትታገይው። ተኚበት። እንደ አልጋ» ይለኛል። ትንፋሽ ሰብስቤ፣ እጅና እግሬን ዘርግቼ፣ ፊቴን ነክሬ ዝም ማለት። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚሰማኝን ደስታ ሌላ ቦታ አግኝቼው አላውቅም። የከተማው ድምፅ ሁሉ ይጠፋና ልቤ ብቻ ይቀራል።

እንደዚያ ተዘርግቼ ባለሁበት አንድ ቅዳሜ ውሃው ድንገት እንደ ፍንዳታ ተናወጠ። የሆነ ነገር ወገቤን ያዘኝና ወደ ላይ ወረወረኝ። ዐይኔን ስገልጥ አባቴ ነው። ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ ከነጫማው፣ ኪሱ ውስጥ ከነስልኩ። ከውጭ የመጡ እንግዶቹን ምሳ ሊጋብዝ ሆቴሉ ገብቶ፣ በአትክልቱ ስፍራ ሲያልፍ ሴት ልጁ ገንዳው ውስጥ በፊቷ ተደፍታ ስትንሳፈፍ ያያል።

«ታማ! ምን ሆንክ?» አልኩት።

ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ያየኛል፣ ይነካኛል፣ ደግሞ ያየኛል።

«እየተማርኩ ነው እኮ» አልኩት። «መተኛት እየተማርኩ ነው።»

ያን ያህል ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። መምህሩ ከዳር ቆሞ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እናቷ ነግረዎታል ብዬ ነው» እያለ ይንተባተባል። አባቴ ጠርዙ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ውሃ ከልብሱ እየተንጠባጠበ፣ እንግዶቹ በሩ ላይ ቆመው እያዩት፣ ያልተናገረውን ነገር ተናገረ። ታናሽ ወንድም ነበረው። ሁለቱ እንደ ዓሣ የሚዋኙ ልጆች ነበሩ። አንድ ቀን ከባሕሩ ድንጋይ ማዶ፣ ማዕበሉ ከሚሰበርበት ወዲያ ሄደው እሱ ብቻውን ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው አየችውና ሁሉም ነገር ገባት። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና «በደንብ ትንሳፈፋለህ» አለ ወደ እኔ እያመለከተ። «ክንድህ ግን ገና ነው።» እናቴ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋችው። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሱ ይዞኝ ሄደ። ገንዳው ዳር ወንበር አስቀምጦ ጫማውን አወለቀ። መምህሩ «ሊገቡ ነው?» ሲለው «አይ፤ ለማንኛውም ነው» አለ። ለዓመታት በየቅዳሜው ጫማውን ለማንኛውም እያወለቀ ተቀምጧል።

ልጅነቴ እንደዚያ አለፈ። ትከሻዬ ከእኩዮቼ ትከሻ እየሰፋ ሲሄድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያፈርኩበት ጊዜ ነበር። መምህሩ ግን መዳፌን ከመዳፉ ጋር ገጥሞ «ይሄ እጅ አይደለም፣ መቅዘፊያ ነው» አለና ነፃ ቀዘፋ በሚባለው ፈጣን የዋና ዓይነት ላይ ብቻ አተኩሬ እንድሠራ አደረገኝ። አጭሩን ርቀት፣ ሃምሳውንና መቶውን ሜትር። ጠዋት ጠዋት የመቀሌ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ገንዳው ደግሞ ማሞቂያ የለውም። ዐቢይ ጾም ሲገባ በባዶ ሆዴ ነበር የምዋኘው። መምህሩ ጨንቆት አንድ ቀን እናቴን ለመናት።

«እማማ፣ እንቁላል እንኳ ትብላ። አቅም ያጥራታል። ሰዓቷ እየረዘመ ነው።»

«መምህር፣ እግዜርም ሰዓት ይይዛል» አለችው። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ልምምዱ ወደ ከሰዓት ተዛወረ፣ እኔም ተልባና ለውዝ በሊትር መጠጣት ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ትልቅ ውድድር፣ መቶ ሜትሩን፣ አዲስ አበባ ነው የዋኘሁት። በሙሉ ሃምሳ ሜትር ገንዳ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። የኛ ሆቴል ገንዳ የዚያ ግማሽ አይሞላም፤ ስለዚህ ግድግዳው የት እንዳለ በዐይኔ ሳላይ ክንዴን በመቁጠር ብቻ መታጠፍ ለምጃለሁ። ፊሽካው ተነፋ፣ ዘለልኩ፣ መነጽሬም ውሃ ሞላ። ምንም አይታየኝም። «ችግር የለም፣ ቁጠሪ» አልኩ ለራሴ። ቆጠርኩ። ቁጥሩ ሲሞላ ተገለበጥኩና በሙሉ ኃይሌ ግድግዳውን ረገጥኩ። ግድግዳ የለም። ገንዳው መሐል ላይ ባዶ ውሃ ረግጬ፣ አቅጣጫ ጠፍቶኝ፣ ወደመጣሁበት መዋኘት ጀመርኩ።

ተመልካቹ ሆዱን እስኪያመው ሳቀ። ስወጣ መምህሩ ፎጣውን ሰጠኝና ፊቱን አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ሳቅ፤ ግድ የለም» አልኩት።

«እየሳቅኩ አይደለም» አለ እንባውን እየጠረገ። «ግን የዞርሽው እንዴት አድርገሽ ነው! እንደዚያ ያማረ መታጠፍ በሕይወቴ አላየሁም።»

ከዚያ ወዲህ የፈራሁት ውድድር የለም። ከዚህ የባሰ ምን ሊመጣ ይችላል? በሚቀጥለው ዓመት ተመልሼ ገባሁና በሃምሳ ሜትር ነፃ ቀዘፋ አሸነፍኩ። እየቆየሁ በመቶውም ደገምኩ። ከባሕር ዳርና ከሐዋሳ ከሚመጡት ሐይቅ ወለድ ልጆች ጎን ስቆም «የመቀሌዋ» ይሉኛል፤ መቀሌ ደግሞ «የታማ ልጅ» ይለኛል። አንድ ጊዜ ለጎረቤት አገር ውድድር ተመርጬ ሄጄ ከምድቤ ሳላልፍ ተመለስኩ። ሥራዬ ብዬ የያዝኩት ዋና ግን መልክ እየያዘ ነበር። ዩኒቨርሲቲም ገብቼ የውሃ ምህንድስና እማር ጀመር።

ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ። የአባቴ እናት ሞታ ሊቀብራት ሳሞአ በሄደበት ወረርሽኝ መጥቶ ዓለሙን ዘጋው፤ ደሴቶቹም በራቸውን ቆለፉ። ይከፈታል እያልን ስንጠብቅ የኛ በር ተዘጋ። ጦርነት መጣ። ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ መንገድ ጠፋ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ የሚናገሩ አሉ፤ እኔ የማውቀው የቤታችንን ብቻ ነው። እናቴና እኔ ነበርን። አባቴ በሕይወት መኖራችንን አያውቅም፤ እኛም እሱ በምን ሁኔታ እንዳለ አናውቅም።

የሆቴሉ ገንዳ ደርቆ ወለሉ ላይ ቅጠል ተከመረ። ውሃ በጄሪካን እየተሸከምኩ ነበር የምውለው። በውሃ ላይ የተኛሁትን ያህል ውሃ ጀርባዬ ላይ ተኛብኝ። መምህሩ አልሄደም ነበር፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እዚያው ቀርቷል። አንድ ቀን የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቁመቱ ቀዶ ይዞልኝ መጣና በራችን እጀታ ላይ አሰረው።

«ሁለቱን ጫፍ ያዢ። ጎንበስ በይ። ቅዘፊ» አለኝ።

«ለምን ብዬ? የት ልዋኝ?»

«እኔም አላውቅም። ግን ክንድ ከረሳ ማስታወስ ይከብዳል።»

በየቀኑ በሩን ስስብ እናቴ «ቤቱን ነቅለሽ ልትወስጂው ነው» እያለች ታጉረመርም ነበር። ያን ላስቲክ ባልስብ ኖሮ ግን ቀኑ እንዴት እንደሚመሽልኝ አላውቅም።

ስልክ የተከፈተ ቀን ከተማው በሙሉ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ መንገድ ወጥቷል። የሚያለቅስ፣ የሚዘል፣ መሬት የሚስም። የእናቴ ስልክ አሮጌ ነው፤ ከፍተን ብዙ ጊዜ ሞከርን፣ አልሆነም። ተስፋ ቆርጠን ጠረጴዛው ላይ ትተነው ስንቀመጥ ራሱ ጮኸ። እናቴ አነሣችው፤ መናገር አቃታት። እስከ እኔ ድረስ የሚሰማ የአባቴ ድምፅ «አንተ ነህ? አንተ ነህ? ተናገር! አንተ ነህ?» ይላል።

እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ቁልቁል እየተንሸራተተች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ እየወረደ፣ «አንቺ በል እንጂ!» ብላ ጮኸችበት። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠፍተህ ዛሬም አንተ ልትለኝ ነው?»

ከወዲያ ማዶ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎ መጣ። «አንቺ» አለ። «አንቺ፣ አንቺ፣ አንቺ።» ቃሉን በትክክል ሲላት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። «ደህና ነን ታማ» አልኩት፤ «ደህና ነን።» ያቺን ቃል ስናገር ከደረቴ ላይ የወረደውን ሸክም ሳስበው አሁንም በረጅሙ እተነፍሳለሁ።

አውሮፕላን ሲጀምር መጣ። ቁሓ አየር ማረፊያ በር ላይ ስናገኘው ጸጉሩ ሸብቷል፤ እኛ ደግሞ ከስተናል። ሁላችንንም፣ መምህሩን ጨምሮ፣ በአንድ እቅፍ ሰበሰበን። ቤት ገብቶ ትንሽ እንዳረፈ ነው የሠራውን የነገረኝ። እዚያ መውጫ አጥቶ በቆየበት ጊዜ ሥራ ሲያጣ የአገሩን የዋና ስፖርት ሰዎች ደጅ ሲጠና ከርሟል። «ልጄ ዋናተኛ ናት» ብሎ የድሮ የውድድር ምስሎቼን ከስልኩ ላይ ሲያሳያቸው ነበር። በሕይወት መኖሬን እንኳ ሳያውቅ።

«ለምን?» አልኩት።

«አንተን የምጠብቅበት ሥራ ያስፈልገኝ ነበር» አለ።

እዚያው በሚካሄደው የደሴት አገሮች ውድድር ላይ የሳሞአን ኮፍያ አድርጌ ልዋኝ እንደምችል ተነገረኝ። የአባቴ ልጅ መሆኔ ይበቃል አሉ። እኔ ግን ሐሳብ ገባኝ። ገንዳው ተጠግኖ ውሃ ሲገባበት መጀመሪያ ዘልዬ የገባሁት እኔ ነበርኩ፤ ሁለት ዙር ሳልጨርስ ግን ሳንባዬ ተቃጠለ፣ ትከሻዬ ጮኸ። ዕድሜዬም ሄዷል። ደግሞ ሰው ምን ይለኛል? አገሯን ትታ ሄደች አይሉም? መምህሩን አማከርኩት። የሚያባብል ሰው አይደለም።

«እዚህ ብትቆዪ አዲሶቹ ልጆች ጥለውሽ ይሄዳሉ። እዚያ መወዳደሪያ መስመር ይሰጡሻል» አለኝ። «የጠፋብሽን ጊዜ የሚመልስልሽ የለም። አንድ ንጹሕ ውድድር ዋኝተሽ ግን መጨረስ ትችያለሽ። ሂጂ።»

ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጠዋትና ማታ ሠራሁ። ትከሻዬን የሚያሽ ሐኪም አገኘሁ፤ ክንዴም እየዋለ ሲያድር የሚያውቀውን አስታወሰ። ከዚያ ከአባቴ ጋር ተነሥተን ሄድን።

ሳሞአ ስደርስ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። የአባቴ እኅቶች አየር ማረፊያው በር ላይ የአበባ ጉንጉን ይዘው ቆመዋል። ትከሻቸውን አየሁ። የእኔ ትከሻ ነው። መዳፋቸው የእኔ መዳፍ ነው። ገበያ ሄጄ፣ መንገድ ላይ ቆሜ፣ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጬ ማንም ዞሮ አላየኝም። በሕይወቴ ሙሉ ሰው ዞሮ ሲያየኝ መኖሬን ያወቅኩት ያኔ ነው። ለካ ያደክማል። እዚያ ግን ቋንቋ ባልችልም መልኬ ራሱ ይናገርልኝ ነበር።

ለሰውነቴም ሌላ ዕረፍት ጠበቀው። በከፍታ ላይ ተወልዶ በከፍታ ላይ የደከመ ሳንባ ወደ ባሕር ጠለል ሲወርድ፣ የታጠፈ ነገር የተዘረጋለት ያህል ነው። ልምምድ ላይ ሁለት ጊዜ ተንፍሼ የምሄደውን በአንድ ትንፋሽ ሄድኩ። ገንዳው ሞቃት ነው። ብርድ የሌለበት ውሃ ውስጥ መዋኘት መታጠቢያ ቤት ውስጥ የመጫወት ያህል ሆነብኝ።

ሃምሳ ሜትሩን በማጣሪያው ቀረሁ። መቶውን ግን ለጥቂት ለፍጻሜ አለፍኩ። መነሻው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ከተመልካቹ መሐል አክስቶቼ ስሜን በዜማ ይጠራሉ፤ አባቴ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ዘለልኩ። ምን እንዳሰብኩ ብትጠይቁኝ ምንም አላሰብኩም። ወደ መታጠፊያው ስደርስ ዐይኔን ገልጬ ግድግዳውን በደንብ አየሁትና ረገጥኩት። በመመለሻው ክንዴ ሲከብድ፣ ከጎኔ ያለችው ልጅ ስትቀድመኝ አየሁ፤ ከወዲያኛው ጎን ያለችውን ደግሞ እኔ ቀደምኩ። ግድግዳውን ነካሁ። ሰሌዳው ላይ ቀና ብዬ ሳይ፣ ሰዓቴን ከጦርነቱ በፊትም ሆነ በኋላ ከዋኘሁት ሁሉ ፈጣኑ ሆኖ አገኘሁት።

ውሃው ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ሌሎቹ ሲወጡ እኔ ገመዱን ተደግፌ ቀረሁ። አልቋል፣ አልኩ። አላዘንኩም። ይልቅ ትልቅ ዕቃ ተሸክሞ ፎቅ የወጣ ሰው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲያስቀምጠው የሚሰማው ዓይነት ነገር ተሰማኝ። እዚያው ገመዱ ላይ እንዳለሁ ውድድር እንዳቆምኩ አወቅኩት። ስወጣ ለአባቴ ነገርኩት። «እሺ» አለ፤ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ዐይኑን ጨፈነ። ያን ያህል ዓመት እሱም ከእኔ ጋር ትንፋሹን ይዞ እንደነበር አልገባኝም ነበር።

በማግስቱ ማልጄ ለእናቴ ደወልኩ። መቀሌ ገና የትናንቱ ማታ ነው።

«እንዴት ሆነ ጓለይ፣ ልጄ?» አለች።

«ስድስተኛ ወጣሁ።»

«ከስንት?»

«ከስምንት።»

ትንሽ አሰበች። «ተመስገን» አለች። «ሁለት ሰው ቀድመሻል። ከእኛ ቤት ይሄ ትንሽ ነው?»

ማቆሜን ስነግራት ዝም አለች። ያዘነች መስሎኝ «አደይ?» አልኩ። ለካ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ለመምህሩ እየነገረችው ነው፤ ከባለቤቱ ጋር እኛ ቤት ቁጭ ብለው ሲጠብቁ አምሽተዋል። ድምፁ ከሩቅ ተሰማኝ፤ «ስትመጪ ጠዋት ጠዋት እንድትተኚ ፈቅጃለሁ!» ይላል። እናቴም ተመልሳ መጣች። እኔ ዘልዬ በገባሁ ቁጥር ዳዊት ስትደግም ትውል እንደነበር፣ ከአሁን በኋላ ግን ቅዳሜን እንደ ሰው እንደምትውል ነገረችኝ። ከዚያ ለአክስቶቼ ምን ስጦታ እንደሰጠናቸው ትጠይቀኝ ጀመር።